ከሱሚሎን እስከ አፖ፦ የኤንጀል አልካላ የባሕር ምርምርና በፊሊፒንስ ዓሣ ማጥመድ ላይ ያመጣው ለውጥ

ከ7,000 በላይ ደሴቶችን የያዘችው ፊሊፒንስ በዓለም ላይ የኮራል ሀብታቸው እጅግ ከበለጸገ ባሕሮች መካከል የምትገኝ አገር ናት። ኮራል የሚባሉት ለስላሳ አካል ያላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ሲሆኑ፣ ከባሕሩ ውኃ የኖራ ማዕድን እየወሰዱ የሚገነቡት ጠንካራ አጽም በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት ውስጥ እየተደራረበ ሪፍ የተባለውን የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ይፈጥራል፤ በዚህ ቋጥኝ ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ የዓሣ ዝርያዎች ይጠለላሉ፣ ይመገባሉ፣ ይራባሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ግን ይህ ሀብት ይመናመን ጀመር። የባሕር ዳርቻው ሕዝብ ቁጥር በፍጥነት ከመጨመሩም በላይ፣ የማጥመጃው ዘዴ ራሱ የዓሣውን ቤት የሚያፈርስ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈንጂ ዓሣ መግደል ተስፋፋ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በጃፓን ዓሣ አጥማጆች የገባው ሙሮ አሚ የተባለው ዘዴ ደግሞ በርካታ ዋናተኞች፣ ብዙ ጊዜም ሕፃናት፣ በገመድ ያንጠለጠሉትን ድንጋይ ከኮራሉ ጋር እያጋጩ ዓሣውን አስደንግጠው ወደተዘረጋ ትልቅ መረብ የሚነዱበት ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮም ለጌጥ የሚሸጡ ዓሦችን አደንዝዞ ለመያዝ ሳያናይድ የተባለው መርዝ በሪፉ ላይ ይረጭ ጀመር (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ይህን ጥፋት ለመግታት ከተደረጉት ጥረቶች መካከል ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው ኤንጀል አልካላ በ1929 በኔግሮስ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል፣ ካዋያን በተባለች የባሕር ዳርቻ ወረዳ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ በዱማጌቴ ከተማ በሚገኘው፣ በ1901 በአሜሪካ የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናውያን በተመሠረተው በሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በ1951 በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በከፍተኛ ማዕረግ ተቀበሉ። ከዚያም በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1960 ሁለተኛ፣ በ1966 ደግሞ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። የመጀመሪያው የምርምር መስካቸው ባሕር አልነበረም፤ ከአሜሪካዊው ዋልተር ብራውን ጋር በመሆን የፊሊፒንስን እንቁራሪቶች፣ እንሽላሊቶችና እባቦች ለረጅም ዓመታት አጥንተው፣ ሳይንስ ከዚያ በፊት ያላወቃቸውን በርካታ ዝርያዎች መዝግበዋል። ይህ ዘመን በባሕር ሥራቸው ላይ የጣለው አሻራ ቀላል አይደለም፤ አንድን እንስሳ በሚኖርበት ቦታ ሄዶ መቁጠርን፣ መለካትንና ያንኑ ለዓመታት ሳይሰለቹ መደጋገምን የተማሩት በደን ውስጥ ነውና።

የአልካላ ትኩረት ወደ ባሕር ያዘነበለው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ 1974 ሁለት መሠረታዊ ሥራዎች የተጣመሩበት ዓመት ሆነ። በአንድ በኩል የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ በእርሳቸው መሪነት ተቋቋመ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የኦስሎብን ማዘጋጃ ቤት አስፈቅዶ፣ ከሴቡ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ አጠገብ በምትገኘው በትንሿ ሱሚሎን ዙሪያ ካለው ሪፍ ሩብ የሚሆነውን ማንኛውም ዓይነት ማጥመድ የተከለከለበት ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። በፊሊፒንስ በዚህ መልክ የተከለለ የመጀመሪያው የባሕር ሥፍራ ይህ ነበር። ሐሳቡ አንድ ገበሬ ካመረተው እህል ከፍሎ ለዘር ከሚያስቀምጥበት ልማድ ብዙም አይርቅም። በተከለለው ሥፍራ ያሉ ዓሦች ሳይያዙ ይኖራሉ፣ ያድጋሉ፤ ትልልቅ እናት ዓሦች ደግሞ ከትንንሾቹ እጅግ የበዛ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለትም በባሕር ሞገድ የሚንሳፈፈው ጥቃቅን የዓሣ ልጅ፣ ወደ ሌሎች ሪፎች ይዛመታል፤ ሥፍራው በዓሣ ሲሞላም ያደጉት ዓሦች ራሳቸው ድንበሩን እየተሻገሩ አጥማጁ ወዳለበት ይወጣሉ። በ1974 ግን ይህ ሁሉ ገና ግምት ነበር፤ ባሕርን ሩቡን ዘግቶ ከቀረው ሦስት ሩብ የበለጠ ዓሣ ማግኘት እንደሚቻል በሞቃታማው ዓለም ባሉ ሪፎች ላይ በተግባር ያረጋገጠ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ መለካት ግድ ሆነ። የላቦራቶሪው ባልደረቦች ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሱሚሎን ዙሪያ የሚያጠምዱት ከሴቡ ጠረፍ የሚመጡ አጥማጆች በመንጠቆ፣ በመረብና በቀርከሃ ወጥመድ የያዙትን ዓሣ በየዓይነቱና በየክብደቱ ይመዘግቡ ጀመር። በዚያ ዘመን በነበረው የሊቃውንት ግምት አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሪፍ በዓመት ሊሰጥ የሚችለው ዓሣ አምስት ቶን ገደማ ነው ይባል ነበር። ከሱሚሎን የተሰበሰበው መረጃ ይህን ግምት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ፤ በ1983 እና 1984 መካከል ባለው የአንድ ዓመት ልኬት ምርቱ በካሬ ኪሎ ሜትር 36.9 ቶን ደረሰ። ይህ አኃዝ የኮራል ሪፍ ለድሃው የባሕር ዳርቻ ሕዝብ ምን ያህል የፕሮቲን ምንጭ ሊሆን እንደሚችል በማሳየቱ ብቻ እንኳ ክብደት ነበረው።

በተመሳሳይ ጊዜ ስለ አገሪቱ ሪፎች አጠቃላይ ሁኔታ የሚሰማው ዜና እጅግ አሳሳቢ ነበር። የባሕር ሳይንቲስቱ ኤድጋርዶ ጎሜዝ ከአልካላና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በመላው ፊሊፒንስ ያካሄዱትና በ1981 ይፋ የሆነው የዳሰሳ ጥናት፣ ከተጎበኙት የሪፍ ቦታዎች መካከል ሕይወት ባለው ኮራል በሚገባ ተሸፍነው የተገኙት ከመቶ አምስቱ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ገለጠ። ከዚህ ጥናት በኋላ ችግሩን የጥቂት መንደሮች ጉዳይ አድርጎ መመልከት የማይቻል ሆነ።

የሁለተኛዋ ደሴት ታሪክ የሚጀምረውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። አፖ ከኔግሮስ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ወዲያ የምትገኝ፣ ስፋቷ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላ፣ ነዋሪዎቿም በአብዛኛው በማጥመድ የሚተዳደሩባት የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። በሱሚሎን የተከለለው ሪፍ በዩኒቨርሲቲውና በማዘጋጃ ቤቱ ስምምነት የተወሰነ በመሆኑ፣ ከሌላ ቦታ እየመጡ የሚያጠምዱት ሰዎች ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው የሚያዩበት በቂ ምክንያት አልነበራቸውም። በአፖ ግን መንገዱ ሌላ ሆነ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሲሊማን ምሁራንና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ወደ ደሴቲቱ እየተመላለሱ ከነዋሪዎቹ ጋር ስለ ሪፉ፣ ስለ ዓሣ አረባብና እየቀነሰ ስለሄደው ምርት ተወያዩ፤ ነዋሪዎቹም በቀላሉ አልተቀበሏቸውም። የዕለት እንጀራው በዕለቱ መረብ ላይ ለተመሠረተ ሰው ከማጥመጃው ባሕር ከፊሉን ተው ማለት ከባድ ነገር ነው፤ ጥርጣሬያቸው ከአለማወቅ የመነጨ ነበር ብሎ ማሰብም ፍትሐዊ አይደለም። ከብዙ ውይይትና ሱሚሎንን ሄዶ ከማየት በኋላ በ1982 ከደሴቲቱ ሪፍ አንድ አሥረኛ የሚሆነውን ለመከለል ተስማሙ፤ በ1985 ደግሞ የዳዊን ማዘጋጃ ቤት ክልከላውን በደንብ አጸናው። ሥፍራውን የሚጠብቁት፣ ፈንጂና መርዝ ይዞ የሚመጣውን የውጭ ጀልባ የሚያባርሩትም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሆኑ። በዚያው ጊዜ ሲሊማን ዩኒቨርሲቲ በቦሆል አቅራቢያ በሚገኙት በፓሚላካንና በባሊካሳግ ደሴቶችም ይህንኑ በሕዝብ ላይ የተመሠረተ አሠራር አስፋፋ።

በ1983 አውስትራሊያዊው የባሕር ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጋሪ ረስ ከአልካላ ጋር መሥራት ጀመሩ፤ የሁለቱ ትብብርም ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ዘለቀ። ረስ የሚሠሩበት የቆጠራ ስልት ቀላል ቢመስልም ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው፤ ጠላቂው ባሕር ግርጌ በተዘረጋ የሜትር ገመድ ላይ እየዋኘ በሁለቱም ጎን የሚያያቸውን ዓሦች በዝርያ ለይቶ ይቆጥራል፣ የእያንዳንዱንም ርዝመት ይገምታል፤ ከርዝመቱም ክብደቱ ይሰላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው፣ በአንድ ስፋት ውስጥ ያሉ ዓሦች ሁሉ ጥቅል ክብደት ባዮማስ ይባላል። በዚሁ ስልት በ1983 መጨረሻ በሱሚሎንና በአፖ፣ በተከለለውም ባልተከለለውም ሪፍ የተካሄደው ቆጠራ ለቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት መነሻ ሆነ።

ቆጠራው በተካሄደ በጥቂት ወራት ውስጥ የሱሚሎን ጥበቃ ፈረሰ። በአካባቢው የፖለቲካ አመራር ላይ በደረሰ ለውጥ ምክንያት በ1984 አጥማጆች ለአሥር ዓመት ተዘግቶ ወደቆየው ሪፍ ገቡ፤ ሙሮ አሚና ፈንጂም አብረው ገቡ። ይህ ለአልካላ ታላቅ ኀዘን እንደነበረ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው መዝገባቸውን አጥፈው አልሄዱም። በ1985 መጨረሻ ያንኑ ቆጠራ በዚያው ቦታ ደገሙት፤ ከአጥማጆቹ የሚሰበሰበውም የምርት ልኬት ቀጠለ።

የተገኘው ውጤት የባሕር ጥበቃ ሳይንስ ከሚመካባቸው ማስረጃዎች አንዱ ለመሆን የበቃ ነው። ጥብቅ ሥፍራው አጥማጁን ከማጥመጃው ቦታ ማፈናቀያ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሩቡ ሪፍ ሲከፈትለትና በመላው ደሴት ዙሪያ ሲያጠምድ ምርቱ መጨመር ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት ይገኝ የነበረው 36.9 ቶን ወደ 20 ቶን ገደማ ወረደ፤ አንድ አጥማጅ በአንድ ቀን ድካሙ በመንጠቆም ሆነ በመረብ የሚያገኘው ዓሣ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ የወጥመዱም ምርት በሲሶ ያህል አሽቆለቆለ። ሰፊ ባሕር እየተከፈተ ዓሣው ማነሱ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፦ ለአሥር ዓመት የተዘጋው ሩብ ሪፍ የቀረውን ሦስት ሩብ ሲመግብ ኖሯል። አልካላ ይህን በ1988 ለብቻቸው፣ በ1990 ደግሞ ከረስ ጋር ባሳተሟቸው ጽሑፎች አቀረቡት። በላቦራቶሪ ውስጥ ቢሆን ተመራማሪው ራሱ ያቀደው ሙከራ በተባለ ነበር፤ እዚህ ግን ሙከራውን ያካሄደው የጥበቃው መፍረስ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት የተደከመበት የአሥር ዓመት መዝገብ ባይኖር ኖሮም ጥፋቱ ጥፋት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሱሚሎን ከዚያ በኋላም ዕረፍት አላገኘችም፤ በ1987 ተዘጋች፣ በ1992 እንደገና ተከፈተች፣ በ1995 ደግሞ ተዘጋች። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት ተከትለው ቆጠሩ። ግሩፐርንና ስናፐርን የመሳሰሉት፣ ሌሎች ዓሦችን እየበሉ የሚያድጉት ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ሪፉ በተዘጋ ጊዜ በዝግታ ይበዛሉ፤ በተከፈተ ጊዜ ግን ለብዙ ዓመት የተጠራቀመው በአጭር ጊዜ ይሟጠጣል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2004 ባቀረቡት ስሌት መሠረት የአዳኝ ዓሦች ባዮማስ ሙሉ በሙሉ እንዲያገግም በሱሚሎን 15 ዓመት፣ በአፖ ደግሞ 40 ዓመት ያስፈልጋል። ይህ አኃዝ ለፖለቲካ ሰዎች የሚመች አልነበረም፤ ከአንድ ምርጫ እስከ ሌላው ባለው ዕድሜ የሚያስብ አስተዳደር የአርባ ዓመት ትዕግሥት ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን የሱሚሎን ታሪክ በተግባር አሳይቶ ነበርና።

1990ዎቹ የአልካላ ምርምር ከባሕር ወጥቶ ወደ ሕግ የገባበት አሥርት ሆነ። በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከጠረፍ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ያለውን ባሕር የማስተዳደር ሥልጣን ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠ፤ በዚህም ምክንያት በአፖ የተሠራው ሥራ፣ ማለትም መንደርና ማዘጋጃ ቤት ተስማምተው ሪፍ የሚከልሉበት ልማድ፣ በመላ አገሪቱ ሕጋዊ መንገድ ተከፈተለት። የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት አልካላ በ1992 የራሞን ማግሳይሳይ ሽልማትን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመት በፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ሚኒስትር ሆነው ተሾመው እስከ 1995 አገለገሉ። በ1998 የወጣው የዓሣ ሀብት ሕግ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቶች ባሕር ቢያንስ ከመቶ 15ቱ ለዓሣ መጠለያነት እንዲከለል ደነገገ።

በዚህ የስኬት ዘመን መካከል ግን ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ጉዳይ አለ። በ1994፣ አልካላ ሚኒስትር በነበሩበት ጊዜ፣ አፖ በፕሬዚዳንታዊ አዋጅ በብሔራዊ ደረጃ የተጠበቀ ሥፍራ ተባለች። ዓላማው ጥበቃውን ማጽናት ነበር፤ ነገር ግን ውሳኔ የመስጠቱ ሥልጣን ከመንደሩ ኮሚቴ የመንግሥት ባለሥልጣናት ወዳሉበት ቦርድ ተሸጋገረ፤ ጠላቂ ቱሪስቶች የሚከፍሉት ገንዘብም ወደ ብሔራዊ ፈንድ ገብቶ ከፊሉ ብቻ፣ ያውም ዘግይቶ፣ የሚመለስ ሆነ። ሪፉን ለዓመታት በራሳቸው ጀልባ ሲጠብቁ የኖሩት ነዋሪዎች በዚህ ቅር መሰኘታቸውን በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበውታል። የአፖ ጥንካሬ ምንጩ የነዋሪው ባለቤትነት እንደሆነ ከማንም በላይ ያሳየው የአልካላ የራሳቸው ሥራ ስለነበር፣ ይህ እርምጃ ከታሪኩ ውስጥ ለመቀበል የሚከብደው ክፍል ነው።

በሳይንሱ በኩል ቀሪው ትልቅ ጥያቄ የዓሣው መሻገር ነበር። ዓሣው በእርግጥ ከተከለለው ሥፍራ እየወጣ ወደ አጥማጁ ይደርሳልን? ረስና አልካላ በ1996 ከአፖ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ከጥበቃው ድንበር ውጭ በሚገኘው አጎራባች ሪፍ የትልልቅ አዳኝ ዓሦች ቁጥር ከበርካታ ዓመታት ጥበቃ በኋላ መጨመር መጀመሩን ጠቆሙ። በ2004 ደግሞ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር የ18 ዓመት መረጃ ይዘው የበለጠ የተሟላ መልስ ሰጡ። ጃክ እና ሰርጅን የተባሉት ሁለት የዓሣ ወገኖች ባዮማስ በተከለለው ሥፍራ በሦስት እጥፍ ሲያድግ፣ ለማጥመድ ክፍት በሆነው ማነጻጸሪያ ሪፍ ግን የሚጠቀስ ለውጥ አልታየም፤ ከድንበሩ ውጭም ወደ ጥበቃው በቀረቡ ቁጥር ዓሣው እየበዛ ይሄድ ነበር። በደሴቲቱ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው በተመሳሳይ ድካም የሚያገኘው ዓሣ ከ1998 እስከ 2001 ባለው ጊዜ፣ ጥበቃው ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከነበረው በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ፤ በመንጠቆ ለማጥመድ የሚውለው ጠቅላላ ድካም ደግሞ ከ1986 ወዲህ በ46 በመቶ ቀንሶ ነበር። ሰዎቹ ያነሰ እየደከሙ የተሻለ ያገኙ ነበር ማለት ነው፤ ለዚህም ቱሪዝሙ የከፈተው ሌላ የገቢ ምንጭ አስተዋጽኦ አድርጓል። የሬኔ አቤሳሚስና የሌሎች ወጣት ፊሊፒናውያን ተመራማሪዎች ሥራም የዓሣውን መሻገርና የእጩን ጉዞ በዝርዝር አብራርቷል።

የእነዚህ ግኝቶች ተሰሚነት ከፊሊፒንስ ውጭም ደረሰ። ጋሪ ረስ በአገራቸው በታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ያካሄዱት ምርምር ከዚሁ ልምድ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ አውስትራሊያ በ2004 ከዚያ ግዙፍ የባሕር ፓርክ ማጥመድ የተከለከለበትን ድርሻ ከመቶ አምስት ከማይሞላ ወደ 33 በመቶ ከፍ አድርጋለች።

በፊሊፒንስ ግን ቁጥሩና እውነታው ሁልጊዜ አልተገናኙም። በ2010 የታተመ የተመራማሪዎች ግምገማ በአገሪቱ 985 ጥብቅ የባሕር ሥፍራዎችን ቆጥሮ፣ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በታች መሆናቸውን፣ ፈጽሞ ማጥመድ ከተከለከለበት ባሕር 85 በመቶው በቱባታሃና በአፖ ሪፍ ሁለት ሥፍራዎች ብቻ መገኘቱን አመለከተ። (ይህ አፖ ሪፍ በሚንዶሮ ደሴት አጠገብ የሚገኝ ሌላ ቦታ እንጂ የኔግሮሷ አፖ ደሴት አይደለም።) ከማዘጋጃ ቤቶች ባሕር ውስጥ በተግባር የተከለለው ግማሽ በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሕጉ ያዘዘው 15 በመቶ ነበር።

ከዚያም አውሎ ነፋሶቹ መጡ። በ2011 ታኅሣሥ ዋሺ፣ በ2012 ታኅሣሥ ቦፋ የተባሉት ማዕበሎች አፖን መትተው፣ በተከለለው ሥፍራ የነበረውን ኮራል አብዛኛውን ሰባበሩት። አልካላ በ2014 የአገሪቱ ከፍተኛ የሳይንስ ማዕረግ የሆነውን ብሔራዊ ሳይንቲስትነት ተቀበሉ፤ ቆጠራውም በተሰባበረው ሪፍ ላይ ቀጠለ። ረስ፣ አቤሳሚስ፣ አልካላና ባልደረቦቻቸው ከሱሚሎንና ከአፖ የተሰበሰበውን የሠላሳ ዓመት ገደማ መረጃ አንድ ላይ መርምረው በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ከብዙዎቹ የዓሣ ወገኖች ባዮማስ ጋር ከማጥመድ ይልቅ በጥብቅ የሚተሣሠረው የሕያው ኮራል ሽፋን መሆኑን አሳዩ፤ የማጥመድ ክልከላው ጉልህ ጥቅም የታየው በተለይ በትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ላይ ነበር። ሪፍን ከመረብ መከለል እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ኮራሉን ከማዕበልና ከሚሞቀው ባሕር የሚያድነው ግን እንዳልሆነ የተናገረው፣ ለክልከላው ጠንካራውን ማስረጃ ያስገኘው ያው መዝገብ ነው። ኤንጀል አልካላ ይህ ጥናት ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2023፣ በ93 ዓመታቸው በዱማጌቴ አረፉ።